የ30,240 ነገር፦ ፈራኢድና ቁጥሮቹ



ባለፈው ዝግጅታችን ስለ ውርስ ስንነጋገር አንድ ጥያቄ ቀርቦልን ነበር። «ወራሽ ሲበዛ፣ በላዩም ሞት ሲደራረብ፣ ድርሻው እየደቀቀ ሄዶ ሊከፋፈል ወደማይችልበት ደረጃ ይደርሳልን?» የሚል። ጠያቂው የድሬ ጠያራ ሰው ናቸው። ጥያቄውን ያነሱት ለዕውቀት ብቻ እንዳልነበረ፣ ከበስተጀርባው እናታቸው የሞተችባቸው ሁለት ልጆች እንዳሉ ኋላ ላይ ተረዳን። የልጆቹን ጉዳይ ወደ መጨረሻ እናነሳዋለን። ከዚያ በፊት ግን የፈራኢድ ሊቃውንት ከትልልቅ ቁጥሮች ጋር ያላቸውን ታሪክ እንመልከት፤ መልሱ ያለው እዚያ ነውና።

ደረሳ በነበርንበት ዘመን ፈራኢድ ያስቀሩን የነበሩት ሸይኽ ትምህርቱን የጀመሩልን በኪታቡ መግቢያ ሳይሆን በእንቆቅልሽ ነበር። «አንድ ሰው ሞተ። አራት ዓይነት ወራሾችን ተወ። የእያንዳንዱ ዓይነት ቁጥር ከአሥር ያነሰ ነው። ንብረቱ ግን ከሠላሳ ሺህ ባነሰ ድርሻ ሳይሰበር አይከፋፈልም። ወራሾቹ እነማን ናቸው?» አሉን። እርስ በርሳችን ተያየን። ሁሉም ቢደመር አርባ የማይሞላ ሰው እንዴት ሠላሳ ሺህ ድርሻ ያስፈልገዋል? አንዳችንም አልመለስንም። «ስሙ አል-ኢምቲሓን ነው፤ ፈተና ማለት ነው። ኪታቡን ስትጨርሱ ትደርሱበታላችሁ» ብለው አለፉን። ጥያቄው የሸይኻችን ፈጠራ አይደለም፤ በፈራኢድ ኪታቦች በዚሁ ስም የሚታወቅ መስአላ ነው።

መልሱ እነሆ። ሟቹ የተወው አራት ሚስቶችን፣ አምስት ሴቶች ልጆችን፣ ሰባት ሴት አያቶችንና በአባቱ በኩል የሆኑ ዘጠኝ ወንድሞችን ነው። ብዕርና ወረቀት ያላችሁ አብራችሁን አስሉ። ሟቹ ልጆች ስላሉት ሚስቶቹ አንድ ስምንተኛ ያገኛሉ። ሴቶች ልጆቹ ሁለት ሦስተኛ፣ አያቶቹ አንድ ስድስተኛ፣ ወንድሞቹ ደግሞ የተረፈውን። እነዚህን የሚያስማማው ትንሹ ቁጥር 24 ነው። ከ24ቱ ሚስቶች 3፣ ልጆች 16፣ አያቶች 4፣ ወንድሞች 1 ያገኛሉ። ችግሩ ከዚህ በኋላ ይመጣል፤ 3 ለአራት አይካፈልም፤ 16 ለአምስት አይካፈልም፤ 4 ለሰባት፣ 1ም ለዘጠኝ አይካፈልም። አራቱም ወገን ተሰበረ። 4፣ 5፣ 7 እና 9 ደግሞ አንዱ ከሌላው ጋር ምንም የጋራ አካፋይ የላቸውም። ስለዚህ እርስ በርስ ከማባዛት ሌላ መንገድ የለም፤ 1,260 ይሆናል። 24 በ1,260 ሲባዛ 30,240። ከዚህ ውስጥ እያንዳንዷ ሚስት 945፣ እያንዳንዷ ልጅ 4,032፣ እያንዳንዷ አያት 720፣ እያንዳንዱ ወንድም 140 ድርሻ ይወስዳሉ። ብትደምሩት አንዲት አትጎድልም፣ አንዲትም አትተርፍም።

«ሰባት ሴት አያት ከየት ይመጣሉ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ እንዲህ ያለ ቤተሰብ ለማግኘት ወደ ላይ ብዙ ትውልድ መውጣት ያስፈልጋል፤ ሁሉም በሕይወት መገኘት አለባቸው። ደግሞም ሁሉም መዝሀብ ይህን ያህል አያት አያወርስም። የእኛው የሐረር ሰዎች መዝሀብ፣ ሻፊዒዩ ግን ይፈቅዳል። ጥያቄው ተማሪን ለመፈተን የተሠራ ነው፤ ስሙም የሚናገረው ይህንኑ ነው።

ፈራኢድ ያልቀሩ አድማጮቻችን የምንለውን እንዲከተሉን አንድ ነገር እናብራራ። በትምህርት ቤት «ብቸኛ ቁጥር» የሚባለው ከ1ና ከራሱ በቀር ሌላ አካፋይ የሌለው ቁጥር ነው፤ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13 እያለ ይቀጥላል። ሌላው ቁጥር ሁሉ ከእነዚህ በማባዛት የተሠራ ነው፤ ቤት ከድንጋይ እንደሚሠራ ማለት ነው። በቁርኣን የተወሰኑት የውርስ ድርሻዎች ስድስት ናቸው፦ ግማሽ፣ ሩብ፣ አንድ ስምንተኛ፣ ሁለት ሦስተኛ፣ አንድ ሦስተኛ እና አንድ ስድስተኛ። የፈራኢድ ሊቃውንት ከእነዚህ ተነስተው ሰባት መነሻ ቁጥሮችን አወጡ፤ 2፣ 3፣ 4፣ 6፣ 8፣ 12 እና 24። ልብ በሉ፤ ሰባቱም ከሁለት ብቸኛ ቁጥሮች፣ ከ2 እና ከ3 ብቻ የተሠሩ ናቸው። 5 የለበትም፤ 7 የለበትም። እነዚያ የሚመጡት ከወራሾቹ ብዛት ነው።

ሌላም መግቢያ በር አለ። ድርሻዎቹ ተደምረው ከንብረቱ የሚበልጡበት ጊዜ ይኖራል፤ ያን ጊዜ የሁሉም ድርሻ በእኩል መጠን ይቀነሳል። ይህ ዐውል ይባላል፤ በኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) ዘመን የተጀመረ ነው። በዐውል 6 እስከ 10 ድረስ በየተራ ያድጋል፤ 12 ወደ 13፣ 15 ወይም 17፣ 24 ደግሞ ወደ 27 ይሄዳል። ዐሊይ (ረ.ዐ.) ሚንበር ላይ ሆነው ኹጥባ እያደረጉ ሳለ፣ አንድ ሰው ሚስት፣ ሁለት ሴቶች ልጆች፣ አባትና እናት ትቶ ስለመሞቱ ተጠየቁ፤ ንግግራቸውን ሳያቋርጡ የሚስቲቱ ስምንተኛ ዘጠነኛ ሆነ ብለው መለሱ ይባላል። 24 ወደ 27 አደገ፤ ሦስቱ ከ27 ደግሞ አንድ ዘጠነኛ ነው። መስአላው እስከ ዛሬ «ሚንበሪያ» ይባላል። ስንቶቻችን ነን ዛሬ ማስያ መሣሪያ በእጃችን ይዘን ይህን በደቂቃ የምንመልስ?

ደረሳ ከዚህ በኋላ የሚማረው በሁለት ቁጥሮች መካከል ያሉትን አራት ግንኙነቶች ነው። ተማሱል ማለት እኩል መሆን ነው፤ 4 እና 4። ተዳኹል አንዱ በሌላው ውስጥ መግባቱ ነው፤ 3 እና 6። ተዋፉቅ በአንድ የጋራ አካፋይ መስማማት ነው፤ 4 እና 6 በ2 ይስማማሉ። ተባዩን ደግሞ ፈጽሞ አለመገናኘት ነው፤ 4 እና 7። የትኛው እንደሆነ ካልታወቀ ትንሹን ከትልቁ ደጋግሞ መቀነስ ነው፤ መጨረሻው 1 ላይ ካረፈ ተባዩን ነው። ይህ መንገድ ከግሪኩ ኢዩክሊድ መጽሐፍ ይገኛል። ያ መጽሐፍ ባግዳድ ውስጥ ወደ ዐረብኛ የተመለሰው በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ ትርጉሙን ካረሙት ሊቃውንት አንዱ በ901 እ.ኤ.አ. የሞተው ሣቢት ኢብን ቁርራ ነበር።

በዚያው ባግዳድ፣ በአል-መእሙን ዘመን (813–833 እ.ኤ.አ.) ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ ለአልጀብራ ስሙን የሰጠውን ኪታብ ጻፉ። ዛሬ አልጀብራ ሲባል ልጆቻችን የሚያስቡት ስለ ኤክስና ዋይ ነው። የዚያ ኪታብ ግማሽ ያህሉ ግን ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ ክፍፍል ነው። አንድ ሰው ለእንግዳ ሲናዘዝ፣ ዕዳ ያለበት ልጅ ሲወርስ፣ የእያንዳንዱ ድርሻ ስንት እንደሚሆን ያወጣል። የሒሳብ ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ክፍል ብዙ ጊዜ ዘለውት ሲያልፉ እናያለን። ለእኛ ግን ዋናው እሱ ነው።

ቁጥርን እስከ መጨረሻው ፈትቶ ብቸኛ ቁጥሮቹን ማውጣት በግልጽ የተጻፈው ዘግየት ብሎ ነው። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የሞቱት የፋርሱ ሊቅ ከማሉዲን አል-ፋሪሲ፣ ማንኛውም ድብልቅ ቁጥር ውሱን ወደሆኑ ብቸኛ ቁጥሮች ሊፈታ እንደሚችል አስረዱ፤ ከእነሱም ተነስቶ የቁጥሩን አካፋዮች ሁሉ መቁጠርና መደመር እንደሚቻል አሳዩ። ያስቸገራቸው የሣቢት ኢብን ቁርራ ነገር ነበር። ሣቢት «ተዋዳጅ» ስለሚባሉ ጥንድ ቁጥሮች ሕግ አውጥተው ነበር፤ የአንዱ አካፋዮች ሲደመሩ ሌላውን የሚሰጡ፣ እንደ 220 እና 284 ያሉ ማለት ነው። አል-ፋሪሲ የራሳቸውን መንገድ ተጠቅመው 17,296 እና 18,416 ተዋዳጅ መሆናቸውን አረጋገጡ።

እስቲ በዚህ መንገድ የእኛን 30,240 እንፍታው። 2 አምስት ጊዜ፣ 3 ሦስት ጊዜ፣ 5 አንዴ፣ 7 አንዴ፤ እነዚህ ሲባዙ 30,240 ይሆናሉ። ከ7 የሚበልጥ ብቸኛ ቁጥር በውስጡ የለም። አካፋዮቹ 96 ናቸው። 96ቱ ሲደመሩ ደግሞ 120,960 ይመጣል፤ የራሱ የቁጥሩ አራት እጥፍ፣ ልክ! እንዲህ ያለው ነገር በቁጥሮች መካከል ብርቅ ነው። 6 ወይም 28 «ፍጹም ቁጥር» የተባሉት የአካፋዮቻቸው ድምር፣ ራሳቸውን ጨምሮ፣ ሁለት እጥፋቸው ስለሆነ ነው። 120 ሦስት እጥፉን ይሰጣል። አራት እጥፉን ከሚሰጡት ሁሉ ትንሹ 30,240 ነው። ይህን በ1638 እ.ኤ.አ. ያገኘው ፈረንሳዊው ሬኔ ዴካርት ነው። ዴካርት ስለ አራት ሚስቶችና ስለ ሰባት አያቶች አላሰበም፤ የእኛ ኪታቦችም ስለ አካፋዮች ድምር አላሰቡም። በሁለት የተለያዩ መንገዶች የተጓዙ ሰዎች አንድ ገበያ ላይ ተገናኙ። ከዚህ ተነስተን «ምስጢር አለው» እንድንል የሚፈልጉ አሉ፤ እኛ አንልም። ከትንንሽ ብቸኛ ቁጥሮች የተሠራ ቁጥር አካፋዩ ይበዛል፤ ወራሾችን ለማካፈል የሚመቸውም በዚሁ ምክንያት ነው። ነገሩ ይኸው ነው።

እንዲያውም የቁጥር ትልቅነት ብቻውን አያስፈራም። የሰንጠረዡን ታሪክ ሰምታችኋል። ንጉሡ ጨዋታውን የፈለሰፈለትን ሰው «ምን ልስጥህ?» ሲለው፣ በመጀመሪያው ቤት አንድ ፍሬ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው አራት፣ እያለ እስከ 64ኛው ቤት እጥፍ እያደረገ እህል እንዲሰጠው ጠየቀ ይባላል። ስንዴ ይሉታል፤ የድሬ ጠያራ ገበሬ ማሽላ ቢለው ልዩነት የለውም። በ1000 እ.ኤ.አ. ገደማ አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ ድምሩን አወጡት፤ 18,446,744,073,709,551,615። ሃያ አኃዝ! ስልሳ አራት ጊዜ አልደመሩም። 2 በራሱ ሲባዛ 4፣ 4 በራሱ 16፣ ከዚያ 256፣ ከዚያ 65,536፣ ከዚያ 4,294,967,296። ይህ የ33ኛው ቤት ነው። እሱም አንዴ በራሱ ተባዝቶ አንድ ሲቀነስለት ድምሩ ይገኛል። ስድስት ማባዛት ብቻ።

ይህ ቁጥር ሲፈታ 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 641፣ 65,537 እና 6,700,417 ይወጣሉ፤ ሰባት ብቸኛ ቁጥሮች፣ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጊዜ። ከሰባቱ ሁለቱ ለረጅም ጊዜ ተደብቀው ኖረዋል። ፈረንሳዊው ፌርማ 4,294,967,297 ራሱ ብቸኛ ቁጥር ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ኦይለር በ1732 እ.ኤ.አ. ቁጥሩ 641 ሲባዛ በ6,700,417 መሆኑን አሳየ። እንግዲህ ቁጥርን የሚያከብደው ርዝመቱ ሳይሆን በውስጡ የተሸሸጉት ብቸኛ ቁጥሮች ትልቅነት ነው። በውርስ ሒሳብ ውስጥ ግን ማንም 641 ወንድም የለውም። የሚመጡት 3፣ 5፣ 7፣ ቢበዛ 11 ወይም 13 ናቸው። ስለዚህ ለጠያቂያችን የምንሰጠው የመጀመሪያው መልስ፦ የማይከፋፈል ውርስ የለም።

ወደ አገራችን እንመለስ። ሐረር ራሱን የቻለ ኢማራ ሆኖ ከ1647 እስከ 1875 እ.ኤ.አ. ሲቆይ ውርስን የሚያየው ቃዲው ነበር፤ ፍርዱም በሻፊዒይ መዝሀብ። ከዚያ ግብጾች ለአሥር ዓመት ገዙ፤ በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ከተማይቱ በአፄ ምኒልክ እጅ ገባች። የቃዲዎች ሥራ ግን በመንግሥት መለዋወጥ አልተቋረጠም። በ1944 እ.ኤ.አ. የቃዲና የናኢባ ምክር ቤቶች በአዋጅ ተቋቋሙ፤ በ1992 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 188 የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች እንደገና ተደራጁ። ሕገ መንግሥቱ እንደሚለው ተከራካሪዎቹ ሁለቱም ወገኖች ፈቅደው ሲመጡ ይዳኛሉ። ታዲያ ፍርድ ቤቱ አለ፤ ኪታቡ አለ። ሒሳቡን የሚያውቅ ሰው ነው እየቀነሰ የመጣው። ፈራኢድ የዕውቀት ግማሽ እንደሆነና ከሕዝቡ መጀመሪያ የሚነሳውም እሱ እንደሆነ የሚገልጽ ሐዲስ አለ። ሰነዱ ላይ ሊቃውንት ድክመት አውጥተዋል፤ ይህን ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። የምናየው ነገር ግን ከዚያ ብዙም የራቀ አይደለም።

አሁን ወደ ድሬ ጠያራው ቤተሰብ። ቤተሰቡ እንዳይታወቅ ጥቂት ነገር ለውጠናል፤ ገንዘቡንም ለስሌት እንዲመች አድርገነዋል። አባት ሞቱ፤ ሚስት፣ ሦስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ልጆች ተዉ። ያን ጊዜ ውርሱ አልተከፈለም። «እናታችን በሕይወት እያሉ እንዴት እንካፈላለን?» ተባለ። በአገራችን የተለመደ አባባል ነው፤ ከሸሪዓ ግን አይደለም። ዓመታት አለፉ። ከሁለቱ ሴቶች ልጆች አንዷ ባል፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ትታ ሞተች። እሱም አልተከፈለም። ከዚያ እናት ሞቱ። አሁን በከተማው ያለው የአባት ቤትና ሱቅ ተሽጦ 1,612,800 ብር መጣ።

ሦስቱ አጎቶች የልጆቹን አባት አስከትለው ወደኛ መጡ። ታላቁ አጎት ንግግራቸው ለስላሳ ነው። «ሼህ፣ እህታችን ከእናታችን በፊት ነው የሞተችው። ልጆቿ አይወርሱም። ደግሞም የሷ ድርሻ ተፈልጎ አይገኝም፤ ሦስት ሞት ነው የተደራረበው። ለአባታቸውም ለልጆቹም ለእያንዳንዳቸው አሥር አሥር ሺህ እንስጥና ዱዓ ይደረግ» አሉ። ሽማግሌዎቹም አዎንታቸውን በራሳቸው ንቅናቄ ገለጹ። የልጆቹ አባት አንገታቸውን ደፍተው «አላህ ያለው ይሁን» አሉ። ልጆቹም እዚያው ነበሩ፤ ትልቋ ሴቷ ናት፣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ።

አጎትየው ያሉት በከፊል ትክክል ነው። ልጆች ባሉበት የሴት ልጅ ልጆች አያታቸውን አይወርሱም። አያትየው በሕይወት ሳሉ እስከ ሲሶ ድረስ ሊናዘዙላቸው ይችሉ ነበር፤ አልተናዘዙም። ነገር ግን የሞተችው እህት አባቷ ሲሞቱ በሕይወት ነበረች። ከአባቷ ያገኘችው ድርሻ የዚያኑ ዕለት የሷ ሆኗል፤ ባይሰጣትም የሷ ነው። ስትሞትም ለባሏ፣ ለልጆቿና ለእናቷ ይተላለፋል። በሱረቱ አን-ኒሳእ ሰባተኛው አያ ሴቶችም ድርሻ እንዳላቸው፣ ንብረቱ ትንሽም ይሁን ብዙ የተወሰነ ድርሻ እንደሆነ ተደንግጓል። «ትንሽ ነውና ይለፍ» የሚል ቃል እዚያ የለም።

እንዲህ ያለው የተደራረበ ውርስ በፈራኢድ ሙናሰኻት ይባላል። ወረቀት አውጥተን አብረን ሠራነው። የመጀመሪያው ሞት፦ ከ8 ሚስት 1፣ ቀሪው 7 ለወንድ ሁለት ለሴት አንድ ሲታሰብ ለስምንት ራስ ነው፤ 7 ለ8 አይካፈልም፤ 8 በ8፣ 64። እናት 8፣ እያንዳንዱ ወንድ 14፣ እያንዳንዷ ሴት 7። ሁለተኛው ሞት፦ የልጅቷ ወራሾች ባል፣ እናት፣ ወንድና ሴት ልጅ፤ ከ12 ተነስቶ ለሦስት ራስ በመሰበሩ 36 ይሆናል፤ ባል 9፣ እናት 6፣ ወንድ ልጅ 14፣ ሴት ልጅ 7። በእጇ የነበረው 7 ነው፤ 7 እና 36 ተባዩን ናቸው። ስለዚህ 64 በ36፣ 2,304። እናትየው አሁን በሁለቱም በኩል 330 ድርሻ አላቸው። ሦስተኛው ሞት፦ እናትን የወረሱት ሦስት ወንዶችና አንዲት ሴት፣ ሰባት ራስ ናቸው። 330 ሲፈታ 2፣ 3፣ 5 እና 11 ነው፤ 7 የለበትም። እንደገና ተባዩን፤ 2,304 በ7፣ 16,128።

ከ16,128 ድርሻ ለእያንዳንዱ አጎት 4,188፣ ለአክስቲቱ 2,094፣ ለልጆቹ አባት 441፣ ለወንዱ ልጅ 686፣ ለሴቷ 343። አንዱ ድርሻ 100 ብር ነው። እንግዲህ ለሦስቱ 30,000 ብር ሊሰጣቸው ታስቦ የነበረው ሒሳቡ 147,000 ብር ሆኖ ተገኘ። አባትየው 44,100፣ ወንዱ 68,600፣ ልጅቷ 34,300። የመጀመሪያው ሞት ዕለት ቢካፈሉ ኖሮ 64 ብቻ ይበቃ ነበር። ቁጥሩን ያበዛው ሸሪዓው አይደለም፤ መዘግየቱ ነው።

ታላቁ አጎት ወረቀቱን ተቀብለው ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። «አይቀልም?» አሉ፤ ቁጥሩ አይቀንስም ወይ ማለታቸው ነው። አይቀልም፤ ድርሻዎቹን ሁሉ የሚያካፍል አንድ የጋራ ቁጥር የለም አልናቸው። ልጅቷ ከጥግ ሆና «343 ሰባት ጊዜ ሰባት፣ እንደገና ሰባት ጊዜ ነው» አለች። አየናት። እውነቷን ነው። አንዱ ሰባት እናቷ ከአያቷ ያገኘችው፣ ሁለተኛው እሷ ከእናቷ ያገኘችው፣ ሦስተኛው ደግሞ የአያቷ ወራሾች ራስ ነው። ይህን አላስተማርናትም።

ገንዘቡ በሳምንቱ ሽማግሌዎች ባሉበት ተቆጠረ። የልጆቹም ድርሻ በየስማቸው በሒሳብ ደብተር እንዲገባ ተስማሙ። ስንሰነባበት ታላቁ አጎት ወደ ኋላ ቀረት ብለው «ሼህ፣ የሱቁ እሺ። ከብቶቹስ? እነሱም ያኔ አልተከፈሉም» አሉን። ከብት በ16,128 አይቆረጥም፤ ዋጋው ይገመታል። ለሚመጣው ጁሙዓ ቀጥረናቸዋል።